ኳሱን መቼ ትየው?

አሰልጣኝ የሆንኩት ስብሰባ አርፍጄ በመግባቴ ነው። የስፖርት መምህራችን ወደ ደሴ ተዛውሮ ስለነበር፣ ርዕሰ መምህሩ የሴት ልጆቹን የኳስ ቡድን ማን ይያዘው ብሎ መምህራኑን ሰብስቧል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሁለተኛ ብርጭቆ አዝዤ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ስገባ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ መምህራን አጨብጭበውልኝ ስለማያውቁ ደስ አለኝና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ። ምን እንደተቀበልኩ ያወቅሁት ቃለ ጉባኤው ላይ እንድፈርም ሲሰጠኝ ነው።

የማስተምረው ሒሳብ ነው። ስለ ኳስ የነበረኝ ልምድ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ በሚያሳዩ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጮህ ነበር። ይህን ሥራ በትጋት ሠርቼዋለሁ። ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ተቀምጬ እንግሊዝ አገር ያለውን አሰልጣኝ ተጫዋች ቀይር እያልኩ ስነግረው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። አሁን ግን የሚሰሙኝ አሥራ አምስት ልጆች ተሰጡኝ፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም ሯጭ።

ሜዳችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ስለሆነ ቁልቁል የሚጫወተው ቡድን ኳሱን ማቆም ያቅተዋል፣ ሽቅብ የሚጫወተው ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጎሉ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው፤ አግዳሚ የለውም። ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ሁሉ ገባ አልገባም ያከራክራል። በክርክሩ ጊዜ የሚያሸንፈው ብዙ የሚጮኸው ስለሆነ፣ ቦታው ለእኔ ተሰጥዖ የተመቸ ነበር።

የአሰልጣኝነት ዘዴዬ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። “ዓይንሽ የት ነው?”፣ “እግርሽን ማን አሰረው?” እና “ቆመሽ ልታድሪ ነው?” የሚሉ። መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች አልነበሩም። ከልምምዱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያፈራረቅሁ እጮኻቸው ነበር። ልጆቹን ለመጉዳት አስቤ አልነበረም፤ እውነቴን ነው የምለው፣ ማበረታታት ይመስለኝ ነበር። እኔም ያደግሁት እንዲያ እየተባልኩ ነው። ዝም ብለው ስለሚያዳምጡኝ ደግሞ የሚማሩ መሰለኝ።

ቤታችን ከሜዳው ብዙ አይርቅም። ባለቤቴ አንድም ቀን ልምምድ አይታ ሳታውቅ፣ ከጩኸቴ ብቻ ቡድኑን በየቦታው አጥንታው ነበር። ራት ስናቀርብ፣ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ “ያቺ ቀኝ ተከላካይ ዛሬም አልተሻላትም?” ትለኛለች። አልተሻላትም እላታለሁ። “አይ ልጅት” ብላ ከወጡ ትመርጥልኛለች፤ ጥሩ ጥሩውን ወደ እኔ በኩል ትገፋዋለች፣ ድምፄ እንዳይደክም።

ቀኝ ተከላካይዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ረጅም ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ሜዳ ቀድማ ደርሳ ኋላ የምትሄደው እሷ ናት። ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ግን ትደርቃለች። እኔ ስልክ ለማነጋገር ፈንጠር ስል፣ ወይም ከጎረቤት የድንች ማሳ የገባ ኳስ ላመጣ ስሄድ፣ ከሁሉም የተሻለች ተጫዋች እንደምትሆን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። የነገረችኝ በረኛችን ናት። በረኛችን የባለወፍጮው ልጅ፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ምላሰኛ ነበረች። ወደ ጎሏ ከሚመጣው ኳስ ይልቅ ከአፏ የሚወጣው ነገር ያሰጋኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ልምምዳችንን መከታተል ጀመረች። ጥቁር ዐባያ ለብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ ትመጣና ከሜዳው ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። “አሰላሙ ዐለይኩም” ስትለኝ፣ እኔ ክርስቲያን ብሆንም፣ እንዳገሬ ልማድ “ወዐለይኩም ሰላም” ብዬ እመልስላታለሁ። የቀኝ ተከላካይዋ እናት መሆኗን ልጆቹ ነገሩኝ። ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሆናት ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ ሰባት ዓመት ሠርታ መመለሷ ነው። ልጅቱን ያሳደገቻት አያቷ ናት።

ሴትየዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። ተመልካች በማግኘቴ እኔ ብሶብኝ ነበር። የወላጅ ዓይን ሲያየኝ ሥራዬን በሚገባ እየሠራሁ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በተለይም ልጇን ችላ እንዳላልኳት እንድታውቅ፣ ከሌሎቹ አብልጬ ጮህኩባት።

አንድ ቀን ልምምዱ አልቆ ኳሶቹን ስሰበስብ መጣች።

“መምህር፣ አፉ ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ?”

“ጠይቂኝ” አልኳት።

“ልጄ ኳስ በመጣላት ቁጥር እርስዎን ነው የምታየው። ኳሱን መቼ ትየው?”

ስለ ዲሲፕሊን ረዘም ያለ ነገር ነገርኳት። ስለ ኃላፊነት ነገርኳት። ልጅ ሲቆጡት እንደሚጠነክር፣ እኔም በዚህ መንገድ አድጌ እዚህ እንደደረስኩ ነገርኳት፤ እዚህ ስል የቆምኩት የድንች ማሳው አጥር ሥር ነበር። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ “እሺ መምህር፣ አላህ ይስጥልኝ” ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች። ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጥር ላይ፣ በሴሚስተሩ ዕረፍት፣ ርዕሰ መምህሩ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ወላጅ ለስብሰባ ሲጠሩት እንደማይመጣ ስለሚያውቅ መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይኑር አለ፤ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ይጋጠሙ። ሐሳቡ ሠራ፤ ለስብሰባ መጥተው የማያውቁ ሁሉ መጡ። ለወላጆቹ ባለወፍጮው በረኛ ሆነ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሦስት አራት ሰዎች፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ የገባች አንዲት ጤፍ ነጋዴ ነበሩ። እኔ መሀል ተከላካይ ሆንኩ። ቀኝ ተከላካይዋ እናቷ እንድትጫወት ስትጠየቅ መሬት መሬት አየች። እናትየው ጉልበቴን ያመኛል አለች። ይሄኔ በረኛችን እጇን አወጣችና፣ እንግዲያው እሳቸው ወላጆቹን ያሠልጥኑ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ሁሉም ተስማማ። እኔም እጄን አውጥቼ እንደደገፍኩ አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ተጫወትን። ከዚያ አንድ ኳስ ወደ እኔ መጣ፤ ላቆመው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

“መምህር! ዓይንዎ የት ነው?”

ኳሱ አለፈኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ኳስ መጣ። “መምህር! እግርዎን ማን አሰረው?” ዞር ስል በረኛችን ከዚያኛው ጎል ሥር ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ሲመጣ፣ “መምህር! ቆመው ሊያድሩ ነው?” እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያጠናችውን አንድም ሳታስቀር፣ በእኔው ዜማ፣ ግን በአንቱታ ታወርደው ጀመር። ቁጣ በአንቱታ ሲመጣ እንዴት እንደሚያስቅ ያን ቀን አየሁ፤ ሌላውን ሰው ማለቴ ነው።

እኔ ከሦስተኛው በኋላ መሳቅ አቃተኝ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ልጆች አሳድጌአለሁ። ግን ኳስ ገና ከዚያ ማዶ ሲነሳ ጀምሮ ጆሮዬ ወደ እሷ መሄድ ጀመረ። ምን ልትለኝ ነው እያልኩ ስጠብቅ ጉልበቴ ይከብደኛል። አንዴ ኳሱ አጠገቤ ሲደርስ፣ አፏን ሳትከፍት፣ ቀና ብዬ እሷን አየሁ። ከዚያ በድንጋጤ ወደ ራሳችን በረኛ መለስኩት። ባለወፍጮው በዚያች ደቂቃ ከሜዳው ዳር ከቆመ ደንበኛው ጋር ስለ እህል ያወራል። ኳሱ ተቻኩሎ አልገባም። ሜዳው ስላዘነበለ ቀስ እያለ፣ እያየነው፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል አለፈ።

የሳቁን ነገር አልናገረውም። የማስታውሰው ቀኝ ተከላካይዋ ስትስቅ ማየቴን ነው። ከፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት አላት፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

እናትየው ጥቂት እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አብሽሩ መምህር፣ ጨዋታ ነው” አለችኝ። “ቀድመው ደርሰው ነበር እኮ። በረኛውን አንዴ ቀና ብለው ቢያዩት ይበቃ ነበር።”

አብሽር በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ነው። ለታመመ ይባላል፣ ለከሰረ ይባላል፣ ፈተና ለወደቀ ይባላል። እኔም በየለቅሶ ቤቱና በየሆስፒታሉ ስለው ኖሬአለሁ፤ ሜዳ ላይ ግን አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ለእኔ ሲነገር እግሬ ቀለለኝ። የሚቀጥለውን ኳስ በደንብ አቆምኩት፤ በረኛውንም ቀና ብዬ አየሁት። አራት ለአንድ ተሸነፍን።

ራት ላይ ባለቤቴ ዛሬ የሰማችው ጩኸት የእኔ እንዳልሆነ፣ የሴት ድምፅ እንደሆነ ነገረችኝ። ማናት አለች። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ እስክታስቀምጥ ሳቀች፤ ቀጥላም ያቺን ሴት አንድ ቀን ቤት መጥራት አለብን አለች።

ከዚያ ጠባዬን ለወጥሁ። እንደ ሒሳብ መምህር ያደረግሁት ምልክቱን መቀየር ብቻ ነበር፤ ቀንስ የነበረውን ደምር አደረግሁት። በቀጣዩ ልምምድ የጮህኩት ሁሉ ምስጋና ሆነ። ኳስ የሳተችውን ጎበዝ አልኳት። የወደቀችውን ማሻአላህ አልኳት። ኳሱን የድንች ማሳው ውስጥ የላከችውን በጣም በጣም ጎበዝ አልኳት። ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። በዕረፍት ሰዓት በረኛችን ተልካ መጣች።

“ቲቸር፣ ሊቀየሩ ነው እንዴ?”

ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኋት። ሰው እንዲህ ድንገት ደግ የሚሆነው ሊሄድ ሲል ነው አለችኝ፤ የድሮው የስፖርት መምህርም ወደ ደሴ ሊሄድ ሲል ሁላቸውንም አመስግኗቸው ነበር። ቀጥላም፣ “ደግሞ ቅድም ኳሱ በእግሬ መሀል አልፎ ገባ። ጎበዝ አሉኝ። ምኑ ነው ጎበዝ?” አለች። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር።

በማግሥቱ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሄድኩ። ስቆጣ ልክ አልነበርኩም፤ ሳመሰግን ደግሞ ሳቁብኝ፤ ምን ላድርግ አልኳት። ሰፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ተቀመጥኩ።

ሠርታባቸው ስለነበሩ ሁለት ቤቶች ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ እመቤት ድምፅዋ የማያርፍ ነበረች። ብርጭቆ ስታጥብ ከኋላዋ ትቆማለች፤ እሷም የእመቤቲቱን እግር ስታዳምጥ ብርጭቆው ከእጇ ያመልጣል። በአገሯ ብርጭቆ ሰብራ የማታውቅ ሴት፣ እዚያ ቤት ብዙ ሰበረች። ሁለተኛዋ አሮጊት ነበሩ። ሸሚዝ ስትተኩስ መጥተው ያያሉ፣ ከዚያ ይችን አንገትጌዋን አሳምረሻል፣ ይችን እጅጌ ግን ገልብጠሽ ጀምሪ ይሏታል። ሌላ አይጨምሩም። በሦስት ወር የቤቱን ሥራ ሁሉ ያወቀችው እዚያ ነው። “ያዩትን ይንገሯቸው፣ መምህር” አለችኝ። “ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ያዩትን። ልጅ የምታውቀውን ነገር ዋሽተው ቢያመሰግኗት ታፍርብዎታለች።”

ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፣ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ልጇ ቤት ውስጥ እርስዎ ነው የምትላት። ውሃ ላምጣልዎ፣ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ትላታለች፣ እንደ እንግዳ። አያቷን ግን አንቺ ነው የምትላት። የላከችውን ልብስና ስልክ ሁሉ በክብር አስቀምጣዋለች፤ ከላኪዋ ጋር ግን አታወራም። “እዚህ የምመጣው ኳስ ወድጄ አይምሰልዎ” አለችኝ። “ቤት ሳያት ትሸሸኛለች። እዚህ ግን ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አያታለሁ።”

ያን ሁሉ ጊዜ ሰባት ዓመት ናፍቃት ያየቻት ልጅ ስትደርቅ ነበር፤ ያደረቅኋት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ለመናገር ሞከርኩ። ችግሩ ለመናገር መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ለመጮህ አያስፈልግም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹን በቅጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር ማለት ነው። ግራ አጥቂዋ ኳስ ከመምታቷ በፊት ምላሷን እንደምታወጣ፣ አማካይዋ ከማቀበሏ በፊት ሁለት ጊዜ ዙሪያዋን እንደምትቃኝ ያን ሰሞን አየሁ። ቀኝ ተከላካይዋ ደግሞ ኳሱ ገና ከተጋጣሚ እግር ሳይወጣ የት እንደሚሄድ ታውቃለች። ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። የምትሳሳተው ከደረሰች በኋላ ነው። “ቀድመሽ ደርሰሻል። አሁን ኳሱን ወደ እግርሽ አስጠጊው” አልኳት። አስጠጋችው። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ አልነበረውም።

የድሮው አመል አልፎ አልፎ ሲመጣብኝ እናትየው ጃንጥላዋን ትዘረጋለች፤ ዝናብ የጀመረ ይመስል። ልጆቹ ጃንጥላው ሲከፈት ካዩ ጨዋታ አቁመው ይስቃሉ። እኔም ማዕበሌን ውጬ፣ ደመናው እስኪያልፍ ጥቂት ወዲያ ወዲህ እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ በፀሐይ ብዙ ዝናብ ነበር።

ግንቦት ላይ የከላላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋበዙን። ጾሙም ሮመዳኑም አልፏል፣ መንገዱም ሰላም የሆነበት ሰሞን ነው። አንድ ሚኒባስ ተከራየንና ማለዳ ተነሣን። ወላጅ አብሮ ይሂድ ሲባል እናትየው መጣች። መንገዱን ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ለማያውቅም ማስፈራራት አልፈልግም። ልጆቹ ደህናውን መንገድ እየዘፈኑ፣ ኮረኮንቹን እያስመለሱ ረፋድ ላይ ደረስን።

የገበያ ቀን ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው በሜዳው ዙሪያ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ ከሁላችንም ከፍ ብለው ተመለከቱ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ነው። የከላላው አሰልጣኝ ከእኔ የሚያንስ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ግን ከእኔ ይበልጣል። በሙያ ቅናት አዳመጥኩት።

ከዕረፍት በፊት አንድ ኳስ ወደ ቀኝ በኩላችን መጣ። ልጃችን ቀድማ ደረሰች፣ ልታስጠጋው ስትል ጭቃው አንሸራተታት፣ ኳሱ ለአጥቂያቸው ቀረ፤ ገባብን። ተነሥታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። አፌ ተከፍቷል። ከጎኔ የጃንጥላው ዘንግ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጫፍ ታየኝ። ምን ሊወጣ እንደነበር እኔም አላውቅም።

“አብሽሪ!” አልኳት። “ቀድመሽ ደርሰሻል። ጭቃው ነው፤ እግርሽን ሰፋ አድርገሽ ቁሚ።”

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቦታዋ ሮጠች። ጃንጥላው ተመልሶ መሬት ሲያርፍ ሰማሁት።

በዕረፍት ሰዓት ንግግር ማድረግ የምወድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጭቃ ለብሰው ከበውኝ ሲቀመጡ የምናገረው ስላልነበረኝ ምን እንዳዩ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ቀኝ ተከላካይዋ፣ በክፍል ውስጥ እንኳ ሳይጠሯት የማትናገረው ልጅ፣ የእነሱ ግራ ክንፍ ሁልጊዜ ወደ መሀል እንደምትታጠፍ፣ ያኔ ኋላዋ ባዶ እንደሚሆን፣ ኳሱን ቀድማ ብትወስድባት የሚያስቆማት እንደሌለ አስረዳችን። እያስረዳች በጣቷ ጭቃው ላይ ትሥላለች። እኔ አላየሁትም ነበር። እንግዲያው ሂጂ አልኳት።

ሄደች። ከዕረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ የግራ ክንፏ ልጅ ወደ መሀል ታጠፈች፣ የእኛዋ ኳሱን ነጠቀቻትና ባዶውን መስመር ይዛ በረረች። ጠርዙ ጋ ደርሳ ወደ መሀል አሳለፈችው፤ አጥቂያችን ምላሷን አውጥታ መታችው፤ ገባ። ሁሉም ወደ አጥቂዋ ሲሮጡ ቀኝ ተከላካይዋ ወደ ሜዳው ዳር ዞረች። እኔን አላየችኝም።

“እማ! አየሽኝ?”

እናትየው መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጃንጥላዋ ጭቃው ላይ ወድቆ ነበር፤ ላነሣላት ጎንበስ ያልኩት ፊቷን ላለማየት ጭምር ነው። ልጅቱ መልሱን ሳትጠብቅ ተመልሳ ሮጠች፤ ጨዋታው ቀጥሏል።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን ምት ሁለተኛ ገባብን። በረኛችን ዘላ ነክታው ነበር፤ ግን አላቆመችውም። ፊሽካው ሲነፋ በደረቷ ጭቃው ላይ እንደተኛች ቀረች። ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

“ደርሰሽበት ነበር እኮ” አልኳት። “በጣትሽ ነክተሽዋል።”

ፊቷን ቀና አደረገች፤ ከዓይኗ በቀር ጭቃ ነው። “በአንድ ጣት አይደለም፣ ቲቸር። በሁለት ነው።”

ከላላዎች ምሳ አሰናድተውልናል። ሙስሊም ክርስቲያኑ ሳይለያይ ባንድ ትሪ እንዲበላ ብለው ሥጋውን ትተው ሽሮና ምስር አብዝተው ሠርተዋል። የሁለቱ ቡድን ልጆች ተደባልቀው ሲበሉ አሰልጣኙ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አሸንፈናል፣ ግን የእኔ ልጆች ናቸው ያኮረፉት፤ የናንተዎቹ ተሸንፈው እንዴት ይስቃሉ አለኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ጀመርኩ። ልጅን ያዩትን መንገር ነው አልኩት። መጮህ ቀላል ነው፣ ማየት ነው ከባዱ አልኩት። ብዙ አልኩት። ከየት ተማርከው ቢለኝ፣ የረጅም ዘመን ልምድ ነው ልል ስጀምር ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ዞር አልኩ፤ እናትየው ውሃ እያፈሰሰች ልጆቹን ታስታጥባለች።

“ከእሷ ነው” አልኩት። “እኔ ገና ተማሪዋ ነኝ።”

አሰልጣኙ ተነሥቶ እኔንም አስተምሪኝ አላት። ደስ ይለኛል አለችው፤ መጀመሪያ ግን አንድ ጨዋታ እሱ ራሱ ተጫዋች ይሁን፣ እሷ ታሠልጥነው። ሰውየው ነገሩ ገብቶት ሳይሆን በትሕትና ብቻ እሺ አለ። እንዳይሞክረው ጎትቼ መከርኩት።

ስንመለስ እናትና ልጅ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ከመስኮቱ በኩል ሆና እንቅልፍ ወስዷታል፤ በየኮረኮንቹ ራሷ ከእናቷ ትከሻ ይነሣና ተመልሶ እዚያው ያርፋል። እናትየው ሳትዞር በዝግታ ነገረችኝ። ዐረብ አገር ሠራተኛ የሚልክ አገናኝ ደጋግሞ እየደወለ፣ ጥሩ ቤት ተገኝቷል፣ ልላክሽ ይላታል። ዘንድሮ አልሄድም ብላዋለች። ለከርሞ አላውቅም አለች። መምከር አማረኝ፤ ተውኩት።

መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይ ልትገባ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ወላጆች ቆመዋል። ባለወፍጮው ከነዱቄቱ ነው የመጣው፤ ሚኒባሱ ሳይቆም ጀምሮ በመስኮት ስንት ለስንት እያለ ይጠይቃል። በረኛችን ወርዳ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችለት። የጭቃውን ነገር፣ የበቅሎውን ሰውዬ፣ ቀኝ ተከላካይዋ እንዴት እንደሮጠች፣ ምሳው ላይ ስንት ጊዜ እንደጨመሩላት ሁሉ ነገረችው። አባትየው እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

“እሺ፣ ማን አሸነፈ?” አላት።

“አንድ ለአንድ ነበርን” አለችው። “ከዚያ እነሱ ሁለተኛ ሲያገቡ ሰዓቱ አለቀብን እንጂ አልተሸነፍንም።”

ባለወፍጮው እኔን አየ። እኔም ያየሁትን ነገርኩት፤ ሁለተኛውን ጎል ልጅዎ በሁለት ጣት ነክታዋለች አልኩት። በዱቄት የነጣ ፊቱን አሻሸ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት፣ መንገድም ጀመሩ።

“በየትኛው እጅሽ?” ሲላት ሰማሁት።